ነጥቧን ሳታውቁ ኢንተር አትጫኑ!

እኔ እዚሁ ባቱ ነኝ፤ ሙቀቱም የሐይቁም ንፋስ እንደምታውቁት ነው። ዛሬ ጽሑፌ ይረዝማል፤ ትንሽም ተናድጃለሁ። ቡና ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

ቴሌግራም ላይ በየግሩፑ የሚዞረውን ፎቶ ሳታዩት አልቀራችሁም። ጥቁር መደብ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ሃምሳ ምናምን የሊኑክስ ትዕዛዝ በአንድ ገጽ ተደርድሮ፣ ከጎኑ ሦስት ሦስት ቃል ማብራሪያ። በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ልጆች «ቲቸር ይቺን ሴቭ ያድርጓት» ብለው ልከውልኛል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ እንደዚህ ፎቶ የምጠላው ነገር የለም።

«ምነው ቲቸር፣ ትዕዛዝ ማወቅ ምን ክፋት አለው?» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ መጀመሪያ አንድ ታሪክ ስሙኝ።

ከተማሪዎቼ የአንዱ ታሪክ ነው። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገዳችን ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሲስተም ባለሙያ ነው። ባለሙያው እሱ ብቻ ነው፤ ፕሪንተርም ይጠግናል፣ ሰርቨርም ይጠብቃል። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሰርቨሩ ቆመ። ዲስኩ ሞልቷል። ባለጉዳይ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፏል፤ አለቃው በሩ ላይ ቆመው «አልጨረስክም?» ይላሉ። ልጁ ስልኩን አወጣ፣ ቴሌግራም ገባ፣ ሴቭ ካደረጋቸው ፎቶዎች አንዱ ላይ ከ30 ቀን በላይ የሆናቸውን ፋይሎች የምታጠፋ መስመር አገኘ። ተየባት። ሱዶ ጨመረባት። ኢንተር።

ትዕዛዟ ስትነበብ እንዲህ ናት፦ ፋይንድ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ ኤምታይም፣ ፕላስ 30፣ ሰረዝ ዲሊት። (ትዕዛዞቹን በፊደላችን፣ እንደሚነበቡ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከዚህ ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ ፔስት እንዳታደርጉ! እያሰባችሁ ራሳችሁ ተይቡት።)

መዘዙ ያለው ነጥቧ ላይ ነው። ነጥብ ማለት «አሁን የቆምኩበት ፎልደር» ማለት ናት፤ ፋይንድ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያስሳል። ፎቶውን የሠራው ሰው ያሰበው የሎግ ፎልደር ውስጥ ለቆመ ሰው ነበር። የኛ ልጅ ግን የቆመው የባለጉዳዮች ስካን የተደረጉ ሰነዶች ያሉበት ፎልደር ውስጥ ነው። ሰነድ ደግሞ አንዴ ስካን ከተደረገ ማንም አይነካውም። «ከ30 ቀን በላይ ያልተለወጠ» ሲባል እንግዲህ ሁሉም ሊባል ምንም አልቀረው። ዲስኩ ተራገፈ፣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ አለቃው «ጎበዝ!» አሉት። ያን ቀን ጀግና ሆኖ ነው ቤቱ የገባው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ፋይል ተፈለገ። የለም። የሁለተኛው ተፈለገ። የለም። ባክአፕስ? ነበረ። ግን እዚያው ዲስክ ላይ፣ እዚያው ፎልደር ሥር፣ ከዚያችው ነጥብ በታች።

ማታ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ሪሳይክል ቢኑ የት ነው ያለው?» አለኝ። ድምፁን እስካሁን አልረሳሁትም። ተርሚናል ላይ ሪሳይክል ቢን የለም። ይህንን ስነግረው ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ማታ ማታና ቅዳሜ ቅዳሜ ከወረቀት እንደገና ስካን ሲያደርግ ከረመ። ወረቀታቸው ያልተገኘ ሰዎች ተጠሩ። ኮፒያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከመቂ፣ ከአዳሚ ቱሉ፣ ከቡልቡላ በገዛ ትራንስፖርታቸው የመጡ አዛውንቶች ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንዲት ነጥብ!

«ታዲያ ጥፋቱ የልጁ ነው» ትሉ ይሆናል። በኔ እምነት ጥፋቱ የኔ ነው። ፈተናዬን ታስታውሳላችሁ አይደል? «ሀ» ሥር ትዕዛዝ፣ «ለ» ሥር ትርጉም፣ አዛምድ። 40 ጥያቄ። ይሄ ልጅ 38 ነው ያመጣው፤ ከክፍሉ አንደኛ። በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «አሁን የቆምከው የት ነው? ብትሳሳት በምን ትመልሰዋለህ?» ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ያ ፎቶ እኮ የኔው ፈተና ነው፤ ቀለም ተቀብቶ ቴሌግራም ላይ ወጣ እንጂ።

ስለዚህ ክርክሬ ይሄ ነው፦ ትዕዛዝ መሸምደድ ዕውቀት አይደለም፤ በሱዶ ሲሆን ደግሞ አደጋ ነው። ትዕዛዝ ግስ ነው። «ቁረጥ» የሚለውን ቃል ያወቀ ሁሉ ሐኪም አይሆንም። ምኑን? ከየት? ምን ያህል? ደም ቢፈስስ?

እስኪ የራሳችንን ቋንቋ ተመልከቱ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ነው የሚመጣው። «ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ካምና የተረፈውን፣ የነቀዘውን እህል... ድፋው።» ነገሩን አይተን፣ ቦታውን ለይተን፣ መጨረሻ ላይ ነው የምናዘው። በኦሮምኛም እንደዚያው ነው፤ እዚህ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ዩኒክስ ግን ግሱን ያስቀድማል፦ «ድፋው!» ካለ በኋላ ነው ምኑን እንደሆነ የሚጠይቀው። ስለዚህ እኛ ሰዎች ተርሚናል ላይ ስንቀመጥ እንደ አማርኛ እናስብ። ለማጥፋት ስታስቡ መጀመሪያ ኤልኤስ ብላችሁ የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ጻፉና ምን እንዳለበት እዩ። ካያችሁ በኋላ የላይ ቀስት ተጫኑ፤ ያው መስመር ይመለሳል። ኮንትሮል ኤ ወደ መጀመሪያው ይወስዳችኋል። ያኔ ኤልኤስን በአርኤም ቀይሩት። ግሱ መጨረሻ ላይ መጣ ማለት ነው። ፋይንድንም እንዲሁ፦ መጀመሪያ ያለ ዲሊት አስኪዱት፣ የሚያወጣውን ዝርዝር አንብቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዲሊት መጨረሻ ላይ የሚጨመረው። መጨረሻ ላይ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዲሊት ከፊት ከገባ የቀን ማጣሪያውን ሳይጠብቅ ሁሉንም ያጠፋል።

ይሄን ከየት አመጣሁት? ከማንዋሉ። ማን፣ ክፍት ቦታ፣ ፋይንድ ብላችሁ ተይቡ፤ ማስጠንቀቂያው እዚያ ተጽፏል። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ቤል ላብስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ማንዋል እ.ኤ.አ. በ1971 ወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማንዋሉ ገጾች «ጉድለቶች» የሚል ክፍል አላቸው። ሰዎቹ የገዛ ሥራቸውን ጉድለት ራሳቸው ጻፉት! አሁን ያንን ፎቶ እንደገና እዩት። ሃምሳ ትዕዛዝ አለ፤ «ጉድለት» የሚል አንድ ቃል አለ? ከማንዋሉ ጌጡን ወስዶ ማስጠንቀቂያውን ጥሎት ነው የመጣው። ማንዋሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው ያለው፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ።

አንደኛ፦ «ተርሚናል የድሮ ነው፤ አሁን ሁሉም በማውዝ ይሠራል።» ወንድሜ፣ በኪስህ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከሥሩ ሊኑክስ ነው። የዓለም 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በሙሉ ሊኑክስ ናቸው። እሱን እንኳ ተወው። መብራት ብልጭ ድርግም፣ ኔትወርክ ደከም በሚልበት አገር የሩቅ ሰርቨርን ስክሪን በምስል መጎተት ምን ያህል ዳታ እንደሚበላ አስበህ ታውቃለህ? ኤስኤስኤች ግን ፊደል ብቻ ነው የሚልከው፤ በስልክ ሆትስፖትም ይሠራል። ተርሚናል ለኛ ቅንጦት አይደለም፤ ላለንበት ሁኔታ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሁለተኛ፦ «ቻትጂፒቲን እጠይቃለሁ፣ ትዕዛዙን ይሰጠኛል።» ይሰጥሃል። ከፎቶውም የተሻለ ያብራራልሃል። እኔም እጠይቀዋለሁ። ግን የለጠፍክለትን ብቻ ነው የሚያየው፤ የት ፎልደር እንደቆምክ ካልነገርከው አያውቅም። ነጥቧ ላይ የቆምከው አንተ ነህ። ኢንተር የሚጫነውም ያንተ ጣት ነው፤ ሰኞ ጠዋት አዛውንቶቹ ፊት የምትቆመውም አንተ ነህ።

ሦስተኛ፦ «ሥራ ላይ ጊዜ የለም፣ ማንዋል ማን ያነባል?» ያ ልጅ ዓርብ ዕለት አምስት ደቂቃ ቆጥቦ ወራት ከፈለ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

እሺ፣ ተቃወምኩ ብቻ እንዳልባል እኔም ጥቂት ልስጣችሁ። ሃምሳ አይደለም። ግን እያንዳንዱን ከነምክንያቱና ከነጉድለቱ።

ዲስክ ሲሞላ። ከማጥፋት በፊት ማን እንደሞላው እወቁ። ዲኤፍ ሰረዝ ኤች የትኛው ዲስክ እንደሞላ ይነግራችኋል። ከዚያ ዲዩ ሰረዝ ኤስኤች ኮከብ ብትሉ የቆማችሁበት ፎልደር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ስንት እንደሚመዝን ያሳያል። ትልቁ ጋ ግቡ፣ እንደገና ጠይቁ፣ እንደገና ግቡ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ያበጠ ሎግ ነው። ጉድለቱ፦ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እየጻፈበት ያለውን ሎግ ብታጠፉት ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን እስኪዘጋው ወይም እስኪነሳ ድረስ ዲኤፍ ሙሉ ነው ይላል። «አጥፍቼው አልጠፋም» የምትሉት ይሄ ነው።

ስም ስትፈልጉ። ይቺ ከውጭ የመጣ ዝርዝር ላይ አትገኝም፤ የኛ ጉዳይ ናትና። ግሬፕ ከፋይል ውስጥ ቃል ይፈልጋል። ግን ኃይሉ የሚባል ሰው ስንት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል? ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ... መዝጋቢው እንደመሰለው ነው። እናንተ «ኃይሉ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ስታጡት «አልተመዘገቡም» ብላችሁ ሰውየውን ትመልሷቸዋላችሁ። እሳቸው ደግሞ ተመዝግበዋል! መፍትሔው ቀላል ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አማራጭ ፊደሎችን ስጡት፦ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ። ከስድስቱ በየትኛውም ቢጻፍ ይይዘዋል። ፀሐይም [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ትሆናለች። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አድርጓቸው። ጉድለቱ፦ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የማሽኑ ሎኬል ዩቲኤፍ 8 ካልሆነ ግሬፕ ፊደሉን እንደ አንድ ፊደል ስለማያየው ቅንፉ ይበላሻል። ሎኬል ብላችሁ ተይቡና አረጋግጡ።

ስትቆጥሩ። የመቂና የባቱ ገበሬ ከሐይቁ በሞተር ስቦ፣ በጎማ አሻግሮ፣ በቦይ ከፋፍሎ ነው ቲማቲሙን የሚያጠጣው። አንዱ መሣሪያ ሁሉን አይሠራም፤ እያንዳንዱ የድርሻውን ሠርቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ዩኒክስም ፓይፕ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ሐሳቡ የደግ ማክልሮይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ላይ ዋለ። ዝርዝር ውስጥ የተደጋገመ ስልክ ቁጥር ለማግኘት ሶርት፣ ወደ ዩኒክ ሰረዝ ሲ፣ ወደ ሶርት ሰረዝ አርኤን አሻግሩት፤ ብዙ የተደጋገመው ከላይ ይመጣል። ጉድለቱ፦ ዩኒክ የሚያየው ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሶርት ካላደረጋችሁት በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ስህተት ብሎም አይጮህም።

ሰዓት ስትሞሉ። እዚህ ላይ ስቃችሁ እለፉኝ። ባክአፕ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲነሳ ፈልጌ ክሮን ላይ 8 ብዬ ሞላሁ። የክሮን 8 ግን የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው! ልክ ሥራ ሲገባ ባክአፑ ይነሳል፣ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፣ እኔ ኔትወርኩን እራገማለሁ። ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ። የኛ ሌሊት 8 ለክሮን 2 ነው። ብዙ ሰርቨር ደግሞ በዩቲሲ ይሞላል፤ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። መጀመሪያ ዴት ብላችሁ ማሽኑ ስንት ሰዓት ነው ብሎ እንደሚያምን ጠይቁት። ፎልደርንም «የ2016 ባክአፕ» እያላችሁ አትሰይሙ፤ በኛ ነው በፈረንጅ? ዴት፣ ክፍት ቦታ፣ ፕላስ፣ ፐርሰንት፣ ትልቁ ኤፍ ብትሉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጎ ይሰጣችኋል፤ በስም ስትደረድሩትም በየተራው ይቀመጣል።

መብራት ሲጠፋ። የሩቅ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች ገብታችሁ ረጅም ሥራ ስትጀምሩ መስመሩ ከተቋረጠ ሥራውም አብሮ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቲመክስ ውስጥ ግቡ፣ ሥራውን እዚያ ጀምሩ። መብራታችሁ ቢጠፋ ሥራው እዚያ ማዶ ይቀጥላል፤ ስትመለሱ ቲመክስ አታች ብላችሁ ካቆማችሁበት ትገናኛላችሁ። ጉድለቱ፦ መብራቱ የጠፋው ሰርቨሩ ካለበት ከሆነ ቲመክስም አያድናችሁም።

የመጨረሻዋ፣ ባክአፕ። እዚህ ከባቱ ዳርቻ ቆማችሁ ሐይቁን ስታዩ ደሴቶቹ ይታያሉ። ትውፊቱ እንደሚለው በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦቱንና መጻሕፍቱን ይዘው ተሰድደው ወደነዚህ ደሴቶች መጡ፤ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮንም የዚያ መታሰቢያ ናት። ልብ በሉ፤ መጽሐፉን ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ሣጥን፣ እዚያው ቤት ውስጥ አላዛወሩትም። እሳቱ የማይደርስበት፣ ውኃ የከበበው ቦታ ወሰዱት። ባክአፕ ማለት ይሄ ነው! እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ኮፒ ባክአፕ አይባልም። አርሲንክን ተጠቀሙ፤ የተለወጠውን ብቻ ስለሚያሻግር ለኛ ኔትወርክ ይመቻል፣ ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ላኩት። ጉድለቱ፦ ከምንጩ ስም ኋላ እዝባር ካደረጋችሁ የፎልደሩን ውስጥ፣ ካላደረጋችሁ ፎልደሩን ራሱን ነው የሚወስደው። ዲሊት የሚለው አማራጭ ደግሞ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰረዝ ኤንቪ ጨምራችሁ አስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ ይነግራችኋል። ከዚያ ደግሞ አንዳንዴ ከባክአፑ አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

በቃ። ሃምሳ አልሞላም፤ አይሞላምም።

ያ ልጅ ዛሬም እዚያው መሥሪያ ቤት ይሠራል። አለቃው አላባረሩትም፤ እግዜር ይስጣቸው። አሁን ስልክ ስንደዋወል «ቲቸር፣ ፒደብሊውዲ ብያለሁ» ይለኛል። የት እንደቆምኩ አይቻለሁ ማለቱ ነው። እኔም ያንን የማዛመድ ፈተና ቀድጄ ጥዬዋለሁ። አሁን ለተማሪዎቼ አንድ ትዕዛዝ እሰጥና ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ምን ያደርጋል? የት ቆመህ ነው የምታዘው? ብትሳሳት በምን ትመልሰዋለህ? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ ሱዶ አይነካም።

እናንተም ያንን ፎቶ ሼር ከማድረግ ይልቅ ከውስጡ አንዷን ብቻ ምረጡ፣ ማንዋሏን አንብቡ፣ ለሦስቱ ጥያቄዎች መልሳችሁን ኮሜንት ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፉልኝ። የተሳሳተ ካለ እንተራረማለን፤ እኔም ከተሳሳትኩ ንገሩኝ፣ አልቆጣም።

ደህና ዋሉ ልጆቼ። የቆማችሁበትን እወቁ።